ወርቁን ማን ያያል? ዘይቤን የማንበብ ጥበብና የሥልጣን ታሪክ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ በደም ታጠበች። ይህን የማያውቅ የለም። ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ ግራዚያኒ ወደ ሮም የላከው ቴሌግራም ግን ብዙም አይነሣም። በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ማዘዙን ለበላዮቹ አስታወቀ። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የነበረው ጦር ማሲንቆ የያዘን ሰው ለምን ፈራ?

ግራዚያኒ ራሱ የሰጠው ምክንያት እነዚህ ሰዎች የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው የሚል ወሬ በሕዝቡ ውስጥ ይነዛሉ የሚል ነው። ነገሩ ግን ከወሬም ያልፋል። ባዕድ ገዥ የአዝማሪን ግጥም የሚሰማው በአስተርጓሚ አፍ ነው። አስተርጓሚው የሚያደርስለት ላይ ላዩን ያለውን ነው። ሕዝቡ ለምን እንደሳቀ፣ ለምን በድንገት ዝም እንዳለ አይገባውም። የትኛው ግጥም ውዳሴ፣ የትኛው ስድብ እንደሆነ መለየት ያልቻለ ሥልጣን አንድ አቋራጭ አለው፤ የሚናገሩትን ሁሉ ማጥፋት። ንባብ ያቃተው ገዥ ሰይፍ ያነሣል።

በትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ዘይቤ የሚባለው ነገር የጽሑፍ ጌጥ ተደርጎ ይቀርባል። ተማሪው ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምፀት እያለ ይሸመድዳል፤ ፈተና ላይ ከአራቱ ምርጫ አንዱን ያከብባል፤ ከዚያ ይረሳዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ግን ዘይቤን መለየትና አለመለየት የጌጥ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። መጽሐፍ አሳግዷል፤ ሰው አስገድሏል፤ ገዳይንም ከተጠያቂነት ሸፍኗል።

■ ከአንጥረኛ ቤት የመጣው ትምህርት

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። በጭቃ ይለብጠዋል። ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስስበታል። ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ ጠማማ ከሆነ ወርቁም ጠማማ ይሆናል።

የቅኔ ቤት ሊቃውንት ይህን ምሳሌ የወሰዱት በዘፈቀደ አይደለም። ትውፊት የቅኔን መነሻ ከተዋነይ ስም ጋር ያያይዘዋል። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የየራሳቸው መንገድ ያላቸው የቅኔ ማዕከላት ሆነው ይታወቃሉ። ተማሪው ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናለታል። በዚህ ጉዞ ውስጥ ተማሪው ከመቀኘት ባልተናነሰ የሚማረው መስማትን ነው። ሌላው ሲቀኝ ወርቁ የት እንዳለ ለይቶ በጊዜው «ይበል!» ማለት ያልቻለ ሰው ቅኔ ገባው አይባልም።

ይህን የመስማት ሥርዓት ለተራ አንባቢ በሦስት ጥያቄዎች ማጠቃለል ይቻላል።

አንደኛ፦ ሁለቱን ፍች የተሸከመው ቃል የትኛው ነው? ሊቃውንቱ ኅብር ይሉታል። አንድ ባላገር ደጅ ጠናቂ በቤተ መንግሥት ግቢ አድሮ ጠዋት «አልጋው አርጅቷል፤ አናጢ ይጠራ» አለ እንበል። አልጋ መኝታ ነው፤ አልጋ ዙፋንም ነው። ወርቁ የተንጠለጠለው በዚህ አንድ ቃል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሳይገኝ «ይህ ሰው ስለ መንግሥት ነው የተናገረው» ማለት ግምት እንጂ ንባብ አይሆንም።

ሁለተኛ፦ ሰሙ ራሱን ችሎ ይቆማል ወይ? ደጅ ጠናቂው የተኛበት አልጋ በእርግጥ ያረጀና የሚንቋቋ ከሆነ ንግግሩ ላይ ላዩን ሙሉ ነው። ቢጠየቅም «ጌታዬ፣ ስለ መኝታዬ ነው» ብሎ ያመልጣል። ሰሙ ካልቆመ ግን ተናጋሪው ራቁቱን ቀርቷል።

ሦስተኛ፦ ማን፣ በማን ፊት፣ መቼ ተናገረው? ያው ዓረፍተ ነገር ከአናጢ አፍ ቢወጣ ሥራ ፍለጋ ነው። ንጉሡ በታመመበት ሰሞን ከመኳንንት አፍ ቢወጣ የአድማ ጥሪ ነው።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለዘመናዊው ድርሰትም ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በከፊል እነሱን በትክክል፣ ወይም በተሳሳተ መንገድ፣ የመመለስ ታሪክ ነው።

■ እንስሳቱ ሲናገሩ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በሩሲያ የጦር ትምህርት ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው እንስሳትን መድረክ ላይ አወጡ። በ1910ዎቹ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ተውኔቱ አዲስ አበባ ውስጥ በመኳንንቱ ፊት ታየ።

ጸሐፊው የመረጡት ስልት ተምሳሌት ነበር። አውሬዎቹ ሰውን ይወክላሉ፤ ጫካው ቤተ መንግሥቱን ይወክላል። ሰሙ ጥሩ ቆሞ ነበር። የእንስሳት ተረት በኢትዮጵያ ከልጅ እስከ ሽማግሌ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ተረት በመንገር የተከሰሰ ሰው የለም። ነገር ግን ሦስተኛው ጥያቄ ነገሩን ገለጠው። ይህ ተረት የተነገረው በእሳት ዳር ለሕፃናት ሳይሆን በአዳራሽ ለሹማምንት ነበር። ቤተ መንግሥቱ የሙስናና የአስተዳደር ጉድለት ትችት እንደሆነ ገባው፤ ተውኔቱም ታገደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ከግራዚያኒ በተቃራኒ ጥሩ አንባቢ ነበር። ቅኔ ሲሰማ ያደገ መኳንንት በአንበሳ ቆዳ ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ስለዚህም አዝማሪ ሁሉ ይገደል ሳይሆን ይህ ተውኔት ይቁም አለ። ጥሩ አንባቢ የሆነ ሥልጣን የቅጣቱም ዒላማ የጠበበ ነው። ተክለ ሐዋርያትም ከዓመታት በኋላ የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ ተመረጡ።

■ ያልተወለደው ሕፃንና «እብዱ» ካሣ

በሦስት ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት ልብ ወለዶች ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታተመ፤ ታገደም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ የትውልዶች መጽሐፍ ሆነ። ሁለቱም ደራሲዎች የጎጃም ልጆች ናቸው። ሁለቱም የቤተ ክህነትን ትምህርት ቀምሰዋል። ሁለቱም የዘመኑን ሥርዓት ይተቻሉ። ታዲያ ምን ለያቸው?

አቤ ትችቱን ያስነገረው በማህፀን ውስጥ ባለ ፅንስ ነው። ፅንሱ ወደዚህች ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። ስልቱ አስደናቂ ነው፤ ከመወለድ መቅረት የሚያስመኝ ኑሮ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ግነት አይገኝም። ግን በመጀመሪያ ደረጃ ሰሙ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ፅንስ አይናገርም። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «ይህ ስለ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ወርቁን ፍለጋ ይሄዳል። ሳንሱሩም አብሮት ይሄዳል።

ሐዲስ የወሰዱት መንገድ ተቃራኒውን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ፣ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል በእውነተኛ አገር ውስጥ እንደ እውነተኛ ሰው ይኖራሉ። የፍቅር ታሪኩ ያለ ምንም ድብቅ ፍች ሙሉ ነው፤ እንባ ያስነባል። ስለ ሥርዓቱ መራራውን የሚናገረው ደግሞ ጉዱ ካሣ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያበደ ነው ብሎ የሚንቀው፣ ስሙ ላይ «ጉዱ» ተለጥፎበት የሚኖር ሰው። ደራሲው እውነቱን ማንም ከማያምነው ሰው አፍ አወጡት። ይህ ምፀት ነው፤ ያበደው የሚናገረው ጤናማ ነገር ነው፤ ጤነኞቹ የሚኖሩት እብደት ነው። ሳንሱር ቢጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ የእብድ ንግግር ነው።

የሁለቱን መጻሕፍት ዕጣ በዘይቤ ብቻ ማስረዳት ግን የዋህነት ይሆናል። ሐዲስ አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የታሰሩ አርበኛ ናቸው። አቤ ይህ ሁሉ ከለላ አልነበረውም። «ማን ተናገረው» የሚለው ጥያቄ ከቃሉ ይልቅ የተናጋሪውን ወንበር የሚመዝንበት ጊዜ አለ። ቅኔ ቤት ያልደበቀውን ይህን እውነት የሥነ ጽሑፍ መማሪያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

■ ሰሙ ሲሳሳ

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ያውቀዋል፤ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ተሳትፏል። የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ወደ አስመራ ይዘምታል፤ ከፊያሜታ ጋር ይዋደዳል። ርዕሱ ከጣሊያንኛ የመጣ የአስመራ ቃል ነው፤ «በቃ፣ አበቃ» እንደማለት። ዘመቻውን በድል ለማወጅ የተዘጋጀ መንግሥት በራሱ ባለሥልጣን እጅ የተጻፈ «አበቃ» የሚል መጽሐፍ ደረሰው።

የበዓሉ ሰም ቀጭን ነበር፤ ሆን ብሎ ያሳሳው ይመስላል። አንባቢዎች ገጸ ባሕርያቱን ከእውነተኛ ሹማምንት ጋር ወዲያው አዛመዱ። በየቢሮውና በየቡና ቤቱ «ይኼኛው እገሌ ነው፤ ያኛው እገሌ ነው» ይባል ጀመር። ይህ ንባብ ስህተት ነበር ማለት አይቻልም፤ መጽሐፉ ራሱ ይጋብዘዋል። ነገር ግን በዚያ ብቻ ያቆመ አንባቢ መጽሐፉን ወደ ስም ዝርዝር ቀየረው። ጦርነት ወጣትነትንና ፍቅርን እንዴት እንደሚበላ የሚያሳየው ክፍል ከስም ፍለጋው ጫጫታ በታች ተቀበረ። ሥልጣኑም ያነበበው እንዲሁ ነው፦ እንደ ስም ዝርዝር፣ እንደ ክስ።

መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬም መቃብሩ አይታወቅም። የደጅ ጠናቂው «ስለ መኝታዬ ነው» የሚለው ማምለጫ ለበዓሉ አልሠራም። በቦታው ነበረ፤ ያየውን ነው የጻፈው፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

■ ዘይቤ በገዳይ እጅ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተሰኘ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያሳተመው በአውሮፓውያኑ 1965 ነው። ሌቪን አሻሚ ንግግር በአማራው ኅብረተሰብ ውስጥ ያለውን አገልግሎት ሲዘረዝር ለቀልድ፣ ተቀባይነት ባለው መንገድ ለመሳደብ፣ የግል ሕይወትን ከሌላው ዓይን ለመጠበቅና ሥልጣንን ለመተቸት ይረዳል ብሎ ነበር። ያው ባህል ግን ግልጽ ንግግር ለሚፈልገው ዘመናዊ አሠራር እንቅፋት ይሆናል የሚል ሥጋቱንም ገልጿል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን በዚህ ሥጋት ተቆጥተዋል።

ሆኖም ሌቪን ከዘረዘራቸው ውጪ አንድ አደገኛ አገልግሎት አለ። ደካማውን ከኃይለኛው የሚሸፍን ጨርቅ ኃይለኛውንም ከእውነት ይሸፍነዋል። የደርግ ዘመን ቋንቋ ለዚህ ምስክር ነው። «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን ሐረግ የዚያ ዘመን ሰው ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። ሰውየው ተገድሏል። «ነፃ እርምጃ» ሲባል ያለ ፍርድ መግደል ነው። መግደል የሚለው ግስ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ በቦታው ቢሮ የሚሸት ቃል ገባ። ገዳዩም ጠፋ፤ «ተወሰደበት» ይላል እንጂ ማን እንደወሰደ አይልም።

ይህም ዘይቤ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ከእነ ተለዋጭና ሰውኛ ጎን የማይጠራው፣ ግን ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ማለዘቢያ ቃል። የቅኔው ሰምና የገዳዩ ሰም አንድ ዓይነት ቢመስሉም በአንድ ነገር ይለያያሉ። ባለቅኔው ወርቁ እንዲገኝለት ይፈልጋል፤ ሰሚው ደርሶበት «ይበል!» ካላለ ቅኔው ከንቱ ነው። መግለጫ ጸሐፊው ግን ወርቁን ማንም እንዳይፈልገው ይጽፋል። አንደኛው አንባቢን ያነቃል፤ ሌላው ያስተኛል። ቅኔን መፍታት የለመደ ጆሮ መግለጫን ለመፍታትም ይጠቅማል። ያኔም «ማን ወሰደው? በማን ላይ? ምን አድርጎ?» ብሎ መጠየቅ የጀመረ ሰው በሥርዓቱ ዓይን ፀረ አብዮት ነበር።

■ ድምፅ የሌለው ንባብ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 የቅድመ ሕትመት ሳንሱርን አስቀረ። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛ አልታሰረም ማለት አይደለም፤ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ወርቁን የሚፈልገው ባለ ቀይ እስክሪብቶ ግን ቀረ። ሥራው ግን አልጠፋም። ዛሬ ሥራውን የሚሠራው ስልክ የያዘ ሁሉ ነው።

ይህ አዲስ አንባቢ ከቀድሞው ሳንሱር የከበደ ችግር አለበት። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «መንግሥት አለ» የሚለውን ጽሑፍ አጥብቆ ያነበበው መንግሥት መኖሩን ይረዳል፤ አላልቶ ያነበበው መንግሥት የሆነ ነገር መናገሩን ይረዳል። በአፍ ሲነገር አንድ ሰከንድ የማይፈጀው ልዩነት በስልክ መስኮት ላይ ይጠፋል። ምፀት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሰምና ወርቅ ቢያንስ ኅብር ቃል አለው፤ ምፀት ግን የሚታወቀው በድምፅ ቃና፣ በፊት ገጽታና በሁኔታው ነው። «እንዴት ያለ ጥሩ አስተዳደር ነው!» የሚል ጽሑፍ ከጸሐፊው ተቆርጦ፣ ቀኑ ጠፍቶ፣ ምስሉ ብቻ ከቡድን ወደ ቡድን ሲዞር የምሬት ቀልድ የነበረው የድጋፍ ቃል ይሆናል። ሌላ ሰው ደግሞ ተራ የሐዘን መግለጫ ውስጥ ኅብር ቃል ሳይኖር የጎሣ ጥላቻ «ያነባል»፤ ወርቅ በሌለበት ወርቅ ይቀልጣል።

ነገሩ ከአስተያየት መስጫ ሳጥን አልፎ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 አንድ ንግግር የጥላቻ ንግግር ተብሎ የማይወሰድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር የኪነ ጥበብ ሥራን፣ የዜና ዘገባንና የፖለቲካ ትችትን ይጨምራል። ሕጉ በሌላ አነጋገር ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና ዳኛውን የሥነ ጽሑፍ አንባቢ አድርጓቸዋል። አንድ ግጥም ስላቅ ነው ወይስ ቅስቀሳ? ገጸ ባሕርዩ የተናገረው የደራሲው አቋም ነው ወይስ ደራሲው የሚተቸው? ይህን መለየት የማይችል ዳኛ እጅ የወደቀ ጸሐፊ የአዋጁ ከለላ ምን ይጠቅመዋል?

የቅኔ ቤቱ ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። ሁለቱን ፍች የተሸከመው ቃል የቱ ነው? ካልተገኘ ክሱ ይቁም። ሰሙ ብቻውን ምን ይላል? ሰሙን ሳያነቡ ወርቅ ማውጣት አይቻልም። ማን፣ ለማን፣ መቼ ተናገረው? ቀንና ባለቤት የሌለው ቁራጭ ጽሑፍ ለፍርድም ለማጋራትም አይበቃም። ሦስቱን ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ አንድን ጽሑፍ ለሺህ ሰው ለማስተላለፍ የሚፈጀው ጊዜ ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

የዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ወርቁን አይቶ አንድ ተውኔት አገደ። ግራዚያኒ ወርቁን ማየት አቅቶት አዝማሪዎችን ፈጀ። የደርግ ሹማምንት ከመጽሐፉ ስም ብቻ ለቅመው ደራሲውን አጠፉ። ከሦስቱ አንዳቸውም ጸሐፊው ለምን ያን መንገድ መረጠ ብለው አልጠየቁም። ሰው በሰም የሚናገረው በግልጽ መናገር ሲያስፈራው ነው። ቅኔ የበዛበት ዘመን የጥበብ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ የፍርሃት ዘመንም ነው። አንባቢ በእጁ ያለው ጽሑፍ ውስጥ ወርቅ ባገኘ ቁጥር ሊጠይቀው የሚገባው አራተኛ ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ሰው ይህን በግልጽ እንዳይናገር ያስፈራው ማን ነው?